ከፍሪጁ ላይ የጠፋው ጀርመንኛ

እናት ጠዋት ሳሎን ስትገባ ክው ብላ ቀረች። ፍሪጁ ራቁቱን ቆሟል። በሩም፣ ወንበሩም፣ መስታወቱም።

ልጇ የለጠፈቻቸው የጀርመንኛ ወረቀቶች አንድም አልቀረም። በዚያ ቋንቋ «የእኔ አሮጌ» ማለት እንኳ እንደ ዕቃው ጾታና እንደ ዓረፍተ ነገሩ ጭራውን ይቀያይራል፤ ልጅቷ ጭራዎቹን በየዕቃው ላይ ጽፋ ነበር የምታጠናው። ፈተናው ነገ ነው። ከወደቀች ጀርመን አገር የምትሄድበት የነርስነት ትምህርት ቀረ።

«አለቀልን!» አለች እናት። ሌባ መስሏት መስኮቱን አየች። ዝግ ነው። ቴሌቪዥኑም አለ። ልጅቷ ገና አልነቃችም።

እናት የገዛ እህቷን፣ የልጅቷን አክስት ጠረጠረች። አክስት «እሷን ለበረዶ አልሰጥም» እያለች ስታለቅስ ነው የከረመችው።

«ሳሎን የተኛሽው አንቺ ነሽ። ወረቀቶቹስ?»

«እኔ ምን አውቄ! ላስቀራት ብፈልግ ፓስፖርቷን አልደብቅም ነበር?»

እናት ይህን አላሰበችውም ነበር። ሮጣ ፓስፖርቱን አየች። አለ።

ተመልሳ ፍሪጁን ከቅርብ መረመረችው። ወረቀት በነበረበት ሁሉ ነጭ የጣት አሻራ አለ። ነካችው። የልብስ ጠመኔ! በዚህ ቤት ጠመኔ የሚይዝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ልብስ ሰፊው ባሏ።

የስፌት ክፍሉን በረገደችው። ወረቀቶቹ ተቆልለው መቀስ ተጭኗቸዋል።

«አንተ ሰው፣ ልጅህን ጉድ ልታደርጋት ነው?»

«ኧረ ቀስ በይ!» ክሩን ከጥርሱ አወጣ። «ትናንት ስጠይቃት አየኋት። ስትመልስ ዓይኗ ፍሪጁ ላይ ነው። ደግሜ ስጠይቃት ወደ በሩ ዞረች። ነገ ፍሪጃችንን ተሸክማ ልትገባ ነው?»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ትፈቅጂ ነበር?»

ልጅቷን ቀስቅሰው ወደ ስፌት ክፍሉ አመጧት። አባት አንድ ኮት አንጠለጠለ።

«የእኔ አሮጌ ኮት።»

«ማይን አልተር ማንቴል።»

«ከአሮጌ ኮቴ ጋር።»

ልጅቷ እንደ ልማዷ ወረቀት ፍለጋ ግድግዳውን ቃኘች። ባዶ ነው። ዓይኗን ጨፈነች።

«ሚት… ማይነም… አልተን ማንቴል።»

«ልክ ነች?» አለች እናት።

«እኔ ጀርመን ነኝ እንዴ? ቆይ…» አባት ከቁልሉ ውስጥ ወረቀቱን ፈልጎ አገኘ። «ልክ ነች!»

በር ላይ የቆመችው አክስት ሳይታወቃት አጨበጨበች።

እናት ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ደስ አላት። ታልፋለች ማለት ነው። ካለፈች ደግሞ ትሄዳለች።

«ብርዱ አይጣል ነው አሉ» አለች ባሏን። «በል ተነስ፣ ለኮት ለካት።»

እሱ ቀድሞ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ነበር።