ከዓስር በኋላ የተቀዳው ዲስክ

ኢንስፔክተር አፍናን ስትደርስ የሬሳ ማጠቢያው ውሃ ለብ ብሎ ግቢው መሀል ቀርቦ ነበር። ከአጥሩ ውጭ ለቀስተኛው ድንኳን ሥር ተቀምጦ ያወራል፤ ወሬው ግን ስለ ሟቹ አልነበረም፤ ስለ ዕቃዎቹ ነበር። አንዱ ድምፅ ማጉያውን፣ ሌላው ቴፑን በምኞቱ ወርሶ ጨርሷል። አፍናን ከሬሳው ጠረን ይልቅ ይህን ወሬ ጠላችው።

ሬሳ መመርመር በሩቅ አገር ተምራ ወደ ከሚሴ ከተመለሰች ወዲህ ሰው እጇን ሲጨብጥ ያመነታል። እሷም ብትሆን መመለሷ ልክ ይሁን ስሕተት ገና አልለየላትም።

በሩ ላይ የሟቹ የእህት ልጅ ጀሚል እጅጌውን ሰብስቦ ቆሟል። ሱቁ ገበያው አጠገብ ነው፤ የሞባይል ሽፋንና መንዙማ የተጫነበት ሜሞሪ ካርድ ይሸጣል።

«እህቴ፣ ፖሊስ እዚህ ምን ይሠራል? አጎቴን መብራት ያዘው፣ አለቀ። እንጠበውና እንቅበረው።»

«ሬፊ ህን ቱሩ» አሉ ከኋላው በኦሮምኛ ሸህ ረጀብ፣ የሟቹ ሚስት ወንድም። «ሬሳ አይቆይም ልጄ። ትናንት ለመግሪብ ተገኝቶ ሌሊቱን አደረ፤ ከዚህ በላይ ነውር ነው።» ድምፃቸው እንደ ተሰነጠቀ ሸክላ ይንኳኳል።

«ድምፅዎን ምን ነካው ሸህ?»

«ከቀትሩ ሰላት ጀምሮ መብራት ጠፍቶ ዓስርን ያለ ማይክ አዛን ብዬ ነዋ! ጎሮሮዬ ተላጠ። ለዚያውም ሰላት እንደ ወጣን መብራቱ ከች አለ። እኔም ከመስጊዱ ሳልነሳ እስከ መግሪብ ልጆችን ኪታብ ሳስቀራ ዋልሁ።»

«አብሽሩ፣ ብዙ አላቆያችሁም። ግን የጠራችኝ ልጁ ናት፤ እሷን ሳልሰማ ውሃ አይፈስም።»

ዓዲላ የሟቹ አንድ ልጅ ናት። ትናንት ጨፋ ሮቢት የታመመች አክስቷን ልትጠይቅ ሄዳ፣ ለመግሪብ ስትመለስ ነው አባቷን የቤቱ ምንጣፍ ላይ ተዘርሮ ያገኘችው። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል፤ አነጋገሯ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«አባቴ አብዱልሰመድ ዕድሜውን ቴፕ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ገመዱን ሳይነቅል የምንም ዕቃ ክዳን ከፍቶ አያውቅም። እኔን እንኳ ገና በሕፃንነቴ በዚህ ገርፎኛል። እና እሱን መብራት ገደለው ይሉኛል?»

አፍናን ገባች። ኮንስታብል ይግዛው ተከተላት።

ሟቹ በጋቢ ተሸፍኗል። አጠገቡ አሮጌ የቤት ዲስክ ማጫወቻ ክዳኑ ተፈትቶ ተቀምጧል፤ ቀጭን ገመድ ከላፕቶፕ ጋር ያገናኘዋል፤ የመብራት ገመዱም እንደ ተሰካ ነው። የሟቹ ሌባ ጣት ጫፉ ጠቁሯል። አፍናን ተንበርክካ ጣቱን አገላበጠችው። የከሰለ ቆዳ ነው፤ ዙሪያው ግን ነጭ፣ ያልቀላ፣ ያላበጠ። ከዚያ ከንፈሩን ገለጠች።

ግራ ጉንጩ በጫት ተወጥሯል። የታኘከው ቅጠል ደርቆ ከድዱ ጋር ተጣብቋል፤ አረንጓዴ ዝቃጭ በከንፈሩ ማዕዘን ወርዶ ጺሙ ላይ ረግቷል።

«ኧረ በስመ አብ!» ይግዛው አፉን ያዘ።

«ውጭ አስመልሰህ ተመለስ። ከዚህ የባሰ ይመጣል።»

የባሰው መከዳው ነበር። ግድግዳው ሥር ከተደረደሩት መከዳዎች አንዱ ብቻ ጥለቱ ወደ ግድግዳው ዞሯል። ገለበጠችው። ጥለቱ መሀል ላይ የሰው አፍ የሚያህል አረንጓዴ እድፍ ደርቆ ተኮራምቷል፤ የቅጠል ፍርፋሪ ሳይቀር ተጣብቆበታል። ሰው እስትንፋሱን ሲከለከል የሚተፋው እንዲህ ያለ ነው። አፍናን መከዳውን እንደ ነበረ መልሳ አስቀመጠችው።

ዓዲላን ወደ ውስጥ ጠራቻትና ወደ ማጫወቻው ጠቆመች። «ይህ ምንድን ነው?»

«የእናቴ ጉዳይ ነው።» ልጅቷ ሳትቀመጥ ነገረቻት። እናቷ ኡምኩልሱም በሸለቆው የታወቀች የሴቶች መንዙማ አውጪ ነበረች። በአንድ ወቅት ከውጭ የመጡ ባለሙያዎች ድምፅዋን ቀድተው ጥራቱ በጣም ከፍ ያለ ዲስክ ላይ አተሙት። ጥቂት ብቻ ነበር የታተመው፤ ሌላው ተበላሽቶ አንዱ ቀረ። እሱም ከዳሩ ጀምሮ እየተበላሸ ነው። «እናቴ ከሞተች ወዲህ ያለኝ ድምፅ ይኸው ብቻ ነው። ይህ ከጠፋ እናቴ ዳግም ሞተች ማለት ነው።»

«ታዲያ በኮምፒውተር መገልበጥ ነዋ።»

«አይሆንም። ዲስኩ ሁለት ንብርብር አለው። ላይኛውን ማንም ያነበዋል፤ እሱ ግን ድምፁ የተቀነሰ ነው። ታችኛውን፣ ትንፋሿ ሳይቀር የሚሰማበትን፣ ኮምፒውተር አያየውም። አባቴ ዘዴውን ከኢንተርኔት አገኘ። ይህን አሮጌ ማጫወቻ ባቲ ገበያ ፈልጎ ያመጣውም ለዚህ ነው። ባዶውን እያለ አንዲት ፕሮግራም የተጫነባት ፍላሽ ሲሰኩበት ማንም ሳይነካው መሳቢያው ይከፈታል፤ ፕሮግራሙን ተቀበለ ማለት ነው። ያኔ ዲስኩን ይሰጡታል፤ ላፕቶፑ በገመዱ እየሳበ ይገለብጠዋል። ትናንት ጠዋት ለሙከራ ከፍቶ አሳየኝ። ዲስኩን ግን ገና አልሰጠውም ነበር።»

«በመሀል መብራት ቢጠፋስ?»

«ማጫወቻው ሁሉንም ይረሳዋል። ዲስኩ ወጥቶ ፍላሹ እንደገና ተሰክቶ፣ ከመጀመሪያው ነው።»

አፍናን ላፕቶፑን ነካችው። የመገልበጫው መስኮት ክፍት ነው። የመጀመሪያው ሙከራ መሀል ላይ ተቋርጧል፤ ሁለተኛው «ተጠናቋል» ይላል። የተገለበጠው ፋይል ግን የለም። የመሳቢያውን ቁልፍ ልትጫን እጇን ስትዘረጋ ጀሚል ከበሩ ጮኸ።

«አትንኪው! ጅን ነው እሱ! በራሱ አፉን ከፍቶ አጎቴን በላው!»

«አንተ አጎትህ ጋ ስትመጣ አይተኸዋል?»

«ወላሂ፣ ይህ ዕቃ ከባቲ ከመጣ ወዲህ ይህን ቤት ረግጬ አላውቅም። ተኳርፈን ነበር። ትናንት ከዓስር በኋላ ልታረቀው መጥቼ አንኳኳሁ፤ ዝም ሲለኝ ተመለስሁ።»

አፍናን ቁልፉን ተጫነችው። የወጣው ዲስክ ፊቱ በሹል ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተፍቋል። ዓዲላ ግድግዳውን ይዛ ቀስ ብላ ቁጭ አለች።

በድንኳኑ ውስጥ ከኮምቦልቻ የመጣ ማስረሻ የሚባል የስቱዲዮ ባለቤት ነበር። ከሟቹ ጋር ስለ ዲስኩ ሲጨቃጨቅ ከረመ ብላ ዓዲላ ነግራታለች። አፍናን ወደ ጎን ጠራችው።

«ተጨቃጭቀናል፣ አልዋሽም» አለ። «ሰውዬው ግትር ነበር፣ ነፍስ ይማር። ‹ዲስኩን ስጠኝ፣ ኮምፒውተሬ ውስጥ ከትቼ ወዲያው ልገልብጥልህ፣ አጽድቼም ላውጣልህ› ስለው በዚህ አሮጌ ቆርቆሮ ይለፋል። ደግሞስ ኢንስፔክተር... ዲስኩ አሁን የማን ነው? በሕግ ማለቴ ነው።»

«ሰውዬው ገና አልታጠበም እኮ።»

«እሱማ ልክ ነው። ለማወቅ ያህል ነው።»

ሸህ ረጀብም ዲስኩን አይወዱትም ነበር። «የእህቴ ድምፅ ሱቅ ለሱቅ እንዲዞር አልሻም። ‹ስበረውና ገላገለን› ብዬዋለሁ፤ ይህን አልክድም» አሏት።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል አፍናን ጀሚልን፣ ሸህ ረጀብን፣ ማስረሻንና የሰፈሩን ሽማግሎች ሬሳው ካለበት ክፍል ሰበሰበቻቸው። ዓዲላ የማጫወቻውን ገመድ ነቅላ ክዳኑን ገጠመችና እንደገና ወደ መብራት ሰካችው። አፍናን ፍላሿን ከፊቱ ሰካችና እጇን አነሳች። ጥቂት ቆይቶ መሳቢያው ማንም ሳይነካው ሸርተት ብሎ ወጣ።

«አዑዙ ቢላህ!» አንዱ ሽማግሌ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ማስረሻ እንኳ ደነገጠ። ጀሚል ዓይኑን አላርገበገበም።

«ይህ ጅን አይደለም» አለች አፍናን። «ስሙኝ። ጫት የሚቅም ሰው ሰላት ሲደርስ ምን ያደርጋል ሸህ?»

«ይተፋል፣ አፉን ይጉመጠመጣል፣ ውዱእ ያደርጋል። አብዱልሰመድማ ዓስርን አሳልፎ አያውቅም።»

«የአብዱልሰመድ ጉንጭ ግን አሁንም ሙሉ ነው። እንግዲያው ከቀትሩ ሰላት በኋላ የያዘውን ጫት ሳይተፋ፣ ዓስር ሳይደርስለት ሞቷል። ከቀትር እስከ ዓስር ደግሞ ከሚሴ መብራት አልነበራትም፤ የሸህ ጎሮሮ ምስክር ነው። መብራት በሌለበት ሰዓት መብራት እንዴት ይገድለዋል?»

አፍናን የሟቹን እጅ ከጋቢው ሥር አወጣች።

«ጣቱም ይመሰክራል። በሕይወት ያለ ሥጋ ሲቃጠል ዙሪያው ይቀላል፣ ያብጣል። ይህ ከሞተ በኋላ የተቃጠለ ነው። የገደለው ይሄ ነው።» መከዳውን ገልብጣ ጣለችው። ሽማግሎቹ ፊታቸውን አዞሩ። «እዩት እንጂ! በሩ አልተሰበረም፤ ሲቅም አጠገቡ ያስቀመጠው ሰው ነው አፉ ላይ የጫነው።»

«አላህ ይጠብቀን...»

«አላለቀም። የመጀመሪያው ቅጂ መብራት ሲጠፋ ተቋርጧል። ሁለተኛው ግን ተጠናቋል። መብራቱ የመጣው ከዓስር ሰላት በኋላ ነው፤ አብዱልሰመድ ያኔ ሬሳ ነበር። ስለዚህ ገዳዩ ገድሎ አልሸሸም። ከሬሳው አጠገብ ቁጭ ብሎ መብራት ጠበቀ። ሲመጣም ዲስኩን አውጥቶ፣ ፍላሹን ሰክቶ፣ እንደገና ቀዳ። ከዚያ ፋይሉን ወሰደ፣ ዲስኩን ፋቀ፣ ክዳኑን ፈትቶ የሬሳ ጣት አቃጠለ። ያኔ በመብራት ማሳበብ ቀላል መስሎት ነበር፤ ሰውዬው ሲሞት መብራት እንዳልነበረ ረሳው።»

ይግዛው በሩን ይዞ ቆመ።

«ሸህ ረጀብ ቢሆኑ ዲስኩን ይሰብሩት ነበር እንጂ አይቀዱትም። መብራቱ በመጣ ጊዜም መስጊድ ኪታብ ሲያስቀሩ ነበር። ማስረሻ ደግሞ ‹ኮምፒውተሬ ውስጥ ከትቼ› አለኝ፤ ኮምፒውተር ታችኛውን ንብርብር እንደማያነብ እንኳ አያውቅም። የማያውቀውን ሥራ ሊሠራ አይችልም። አንተ ግን ጀሚል፣ ‹ዕቃው ከመጣ ወዲህ ቤቱን አልረገጥሁም› ብለህ ስታበቃ፣ ‹በራሱ አፉን ከፍቶ› አልከኝ። ይህ ማሽን በራሱ የሚከፈተው ፍላሿ ስትሰካበት ብቻ ነው። የት አየኸው?»

ጀሚል ዙሪያውን አየ። በሩ ላይ ይግዛው አለ፤ በመስኮቱ ለቀስተኛው አንገቱን አስግጓል።

«ሬሳውን ለማጠብ የተጣደፍከውም ለአጎትህ አዝነህ አይደለም» አለች አፍናን። «አጣቢ አፍ ያጥባል። ሃይማኖትን መጥረጊያ አደረግኸው።»

«እኔ ይህን አልነበረም የምፈልገው!» አለ ጀሚል በድንገት። «ራሱ ጠርቶ አሳየኝ! ‹እርቅ ይሁንና ናና ስማ› ብሎ። ውጭ አገር ያሉ ሰዎች ድምፁን ከእኔ ሊገዙ ተስማምተዋል፤ ከሌላ እጅ ካለ ግን አይፈልጉትም። ይህን ስለው ሳቀብኝ። ‹ያንተ ሱቅ የእሷ ቦታ አይደለም› አለኝ።» ከሞባይሉ ሽፋን ሥር ጥፍር የምታህል ካርድ አወጣ፤ ይግዛው ሳይደርስበት በጥርሶቹ መሀል ያዛት። በተከደኑ ጥርሶቹ እያፏጨ ተናገረ። «ዓዲላ! እናትሽ ይህች ናት። ይቅር ብዬሃለሁ በይኝ፤ በሽማግሎቹ ፊት። ካልሆነ እሰብራታለሁ፤ ሌላ ቅጂ የለም።»

ክፍሉ ተንጫጫ።

«በይው ልጄ» አሉ አንዱ ሽማግሌ። «አባትሽ አንዴ ሄዷል። እርቅ ካለ ፍርዱም ይቀልለታል፣ ደሙም ይበርዳል፤ አንቺም እናትሽን ታገኛለሽ።»

«በይው፣ ምን ይጎዳሻል?» አለ ሌላው።

አፍናን ሽማግሎቹን አየቻቸው። መከዳውን ሊያዩ ያልደፈሩ ዓይኖች አሁን ካርዷ ላይ ተተክለዋል።

ዓዲላ ተነሳች። አንድ ጊዜ ወደ አባቷ ጋቢ ተመለከተች።

«ንከሳት» አለችው።

ጀሚል አላመነም።

«ንከሳት እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?»

መንጋጋው ተወጠረ። ላቡ በግንባሩ ወረደ። አልነከሰም። ሰው የገደለላትን ነገር መስበር አቃተው። ከንፈሩ ላላ፣ ካርዷን በጣቶቹ አወጣት፤ ይግዛውም እጁን ጠምዝዞ ያዘው። ካርዷ በምራቅ ረጥባ ምንጣፉ ላይ ወደቀች። አፍናን በወረቀት አንስታ ፖስታ ውስጥ ከተተቻት።

«ለፍርድ ቤት ትቀርባለች። ካለቀ በኋላ ያንቺ ናት፤ እኔ ራሴ አመጣልሻለሁ» አለቻት።

ጀሚልን ካወጡት በኋላ ክፍሉ ወዲያው ወደ ወሬው ተመለሰ። ማስረሻ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዓዲላ፣ ጊዜው አይደለም፤ ግን ካርዷ ከፍርድ ቤት ስትወጣ ለሌላ ሰው እንዳትሰጪ። እኔ ነኝ የማጸዳት።» እርቅ የመከሩት ሽማግሌም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለእኛም አንድ ቅጂ አይጠፋም መቼም። በረካ ያላት ሴት ነበረች።»

ዓዲላ አንድ በአንድ አየቻቸው።

«እናቴ መጨረሻዋ ላይ ታማ ሳለች፣ ከዚህ አልጋ ላይ ሆና በየጁምዓው ታዜም ነበር» አለች። «በሩ ክፍት ነበር። ከመሀላችሁ ሊሰማት የመጣ ማን ነው?»

ሸህ ረጀብ አንገታቸውን ደፉ። አጣቢዎቹ ውሃውን ይዘው ሲገቡ ሰዎቹ አንድ በአንድ፣ ጫማቸውን እየፈለጉ፣ ወጡ።