በቁሟ ሙሾ የወረደላት እመቤት

ጌታ በተወለደ በ፲፫፻፵፱ ዓመት፥ ታላቁ ቸነፈር ከፕሮቫንስ ምድር እግሩን ባነሣ ማግሥት፥ ራሷን በሻሽ የጠቀለለች አንዲት ሴት የሮንን ወንዝ ተሻግራ ወደ አርል ከተማ ገባች። ስሟ ሪክሴንዳ ነው፤ የሱፍ ነጋዴ ሚስት ነበረች። ቸነፈሩ ባሏን ገድሎ፥ የእርሷን ጸጉር አርግፎ፥ አንገቷን በጠባሳ አጨማዶ ተዋት፤ በተራራው አገር ከእኅቷ ዘንድ ስታገግም ከርማ የቀረቻትን አንዲት ልጇን ዱልሲያን ፍለጋ መመለሷ ነው።

በሩን የከፈተላት የባሏ ወንድም ፖንስ ነበር። ቤቱን ይዞታል፤ ልጅቱንም ከርስቷ ለመንቀል ገዳም ሊያስገባት ቀን ቆርጧል።

«ሪክሴንዳማ ሞታለች፤» አላት ዐይኑን በጨው አጥቦ። «በየመጠጥ ቤቱ የሚዘፈነውን ሙሾ አልሰማሽም እንዴ?»

ለቀባሪው አረዱት ይባላል፤ ይህ ሰው ግን ለሟቿ ለራሷ አረዳ።

ሙሾውንስ መንገዱን ሁሉ ስትሰማው ነው የመጣችው። ባለቅኔው መምህር ኢሳርን ሃያ ዓመት ሙሉ በቤተ ክርስቲያን ዐምድ ተደግፎ እያፈጠጠባት፥ ስሟን በግጥም እየጠራ ከሰው አፍ ከትቷታል። ላም አለኝ በሰማይ ዓይነት ፍቅር ነው፤ አንድ ቀን «እንዴት አደርሽ» ብሏት አያውቅም። እርሷ ልጆች ስትወልድና ስትቀብር፥ በግጥሙ ውስጥ ሁልጊዜ ወንድ ያልነካት ልጃገረድ ነበረች። በቸነፈሩ ጊዜም ሞተች የሚል ወሬ ሲደርሰው ሳያጣራ ሙሾ አወረደላት፤ ሙሾው ከፍቅሩ ግጥም ይልቅ ገነነ።

ነገሩ ዳኛ ፊት ቀረበ። የሚያውቋት ጎረቤቶች በቸነፈሩ አልቀዋል፤ ዱልሲያም ለአካለ መጠን አልደረሰችምና ቃሏ አልተቆጠረም። ዳኛው፥ «እንግዲያስ ሃያ ዓመት ያያት ሰው ነገ ይመስክር፤» አለ። ሪክሴንዳ ጥርሷን ነክሳ ወደ ኢሳርን ቤት ሄደች።

«መምህር፥ ያውቁኛል፤» አለችው በደጁ ቆማ።

ኢሳርን የዓሣ ቅባት የነካውን ጣቱን እየላሰ ቀና አለ፤ ድምጿን ሲሰማ ደነገጠ። ጠባሳዋን አየና ፊቱን አዞረ።

«ምነው እመቤቴ፥ ምነው ባይመጡ ኖሮ? እንዴት ያለ ሞት ነበር የሞቱት! ጳጳሱ እንኳ አልቅሰዋል።»

«ልጄን ሊወስዱብኝ ነው። ነገ ‹እርሷ ናት› ይበሉልኝ፤ ሌላ አልጠይቅዎትም።»

«ያን ብል ሙሾዬ መሣቂያ ሆኖ ቀረ ማለት ነው! እባክዎ ይዘኑልኝ፤ የእኔይቱ ሪክሴንዳ በውበቷ ሞታለች።»

ከሩቅ ስትጸየፈው የኖረችው ሰው በቅርብ ሲታይ የባሰ ነበር።

በማግሥቱ ኢሳርን እንባውን እየጠረገ፥ «ይህችን ሴት አላውቃትም፤» ብሎ መሰከረ። ዱልሲያ ከአጎቷ እጅ ለመላቀቅ እየታገለች «እማዬ!» እያለች ትጮኻለች። ሪክሴንዳ ልጇን አየች፤ ከዚያ ወደ ዳኛው ዞረች።

«ጌታዬ፥ መምህሩ እውነታቸውን ነው፤ ሪክሴንዳ ሞታለች። እኔ ሞግዚቷ ነኝ፤ ልጅቱ እማዬ የምትለኝም ጡት ስላጠባኋት ነው። ጌታ ፖንስ ቤቱን ይውሰዱ፥ ልጅቱን ለእኔ ይተዉልኝ። ለገዳሙ የሚሰጡት የመግቢያ ገንዘብም ይተርፍላቸዋል።»

ፖንስ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። «ይቺ ሞግዚት ከሟቿ ትሻላለች! በይ ይዘሻት ሂጂ፤» አለ። ዳኛውም አጸደቀው።

በደጅ ኢሳርን እየሮጠ ደረሰባት። «እመቤቴ፥ ምን ያለ መሥዋዕትነት ነው! ይህን እንኳ ሌላ ስም ሰጥቼ ብገጥመው...»

እግሩ ሥር እንትፍ አለችበት። «አንተ ቆሻሻ! የሬሳ ጨርቅ የሚገፍ ሌባ እንኳ ሰውየው እስኪሞት ይጠብቃል።» ልጇን ይዛ ሄደች።

እናትና ልጅ ማርሴይ ወርደው ሱፍ እያጠቡ ኖሩ፤ ዱልሲያም አግብታ ወለደች። ታሪክ ያስታወሰው ግን ሙሾውን ነው። ወጣቶች ለብዙ ዘመን የሪክሴንዳ መቃብር በሚሉት ድንጋይ ላይ አበባ ሲያኖሩ ኖረዋል፤ ከሥሩ ያለው በቸነፈሩ ጊዜ በጅምላ የተቀበረ፥ ስሙን የሚያነሣለት ያጣ ሕዝብ ነው። ሴትዮዋም እስክታረጅ ድረስ ሙሾው በገበያ ሲዘፈን ትሰማ ነበር፤ የልጅ ልጆቿ «አያቴ፥ ይህቺ ሪክሴንዳ ማን ናት?» ሲሏት፥ «እኔ እንጃ፤ አንድ ሰውዬ ለዘፈን ብሎ የገደላት ሴት ናት፤» ትላቸው ነበር።