የሚያንቀላፋው ጋሻ

ሁለት ናቸው። አንዱ ሰማያዊ ጃንጥላ ይዟል። ሌላው ዝናቡ ምንም ሳይመስለው ባዶ እጁን ይከተላል።

ቲቲሊያ ዞራ አላየቻቸውም። የሱቫ ከተማ ገበያ በቀትሩ ዝናብም በሰው ጢም ብሏል። ካሳቫ ከደረደሩት ሴቶች ፊት ቆማ አንዱን ክምር እያገላበጠች ጎንበስ አለችና በክንዷ ስር አሾልቃ ጫማቸውን አየች። ጥቁር፣ የተወለወለ። ለገበያ የወጣ ሰው ጫማ አይደለም።

አጠገቧ የቆመው ሰውዬ መውጫውን መውጫውን ያያል። ቪኔሽ ይባላል። ከአለቃዋ ጋር ሲነጋገሩ ግን ስሙ «ሸማኔው» ነው። እሷ «ሸርጣን» ናት፤ አለቃዋ «ዔሊ»። ቲቲሊያ የሚለውም ስም ቢሆን የራሷ አይደለም። አሁን ወደምትሠራበት ቢሮ ስትገባ ከሐሰተኛ መታወቂያ ጋር የተሰጣት ነው።

«አትሩጥ» አለችው። «ካሳቫ እንደሚመርጥ ሰው ሁን።»

«እኔ መርጬ አላውቅም። ሚስቴ ናት የምትገዛው።»

«ዛሬ አንተ ትገዛለህ።»

ተወቅጦ የሚጠጣው የያንጎና ሥር ወደሚሸጥበት ወደ ላይኛው ፎቅ ወሰደችው። እንደ ገዢ ዋጋ ጠየቀች፣ ተወደደ ብላ ፊቷን አዞረች፣ በጓሮው ደረጃ ይዛው ወረደች። ዓሣ ሻጮቹን አልፈው አውቶቡስ ተራው ጋ ሲደርሱ በአንድ ቆሞ በሚጠብቅ አውቶቡስ መስኮት ላይ ከኋላቸው ያለውን አየች።

ሰማያዊው ጃንጥላም ወርዷል።

አውቶቡስ ተራው ዳር ሮቲ የሚባለውን ቂጣ የሚሸጥ አንድ ቤት አለ። በፊት በር ገብታ፣ በማብሰያው በኩል አልፋ፣ ዱቄት የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ቪኔሽን አስገብታ በሩን ገፋችው። ባለቤቱ ቀና ብሎ እንኳ አላያቸውም። ይህን ቤት የመረጠችው ለዚሁ ነበር።

ጨለማው ውስጥ የሰውዬው ትንፋሽ ይሰማታል። ልቡ እንዳይቆም ብላ አስወራችው።

ይህ ሁሉ የመጣው በአንዲት ትንሽ ፕሮግራም የተነሳ ነው። «ጋሻ» ትባላለች። ኢንተርኔት በሚከፈትበት ብራውዘር ላይ እንደ ተቀጥላ ትገባና ማስታወቂያውን፣ የሰውን ዱካ የሚለቅሙትን፣ ቫይረስ የሚያሰራጩትን ገጾች ሁሉ ትከለክላለች። ቪኔሽ ተማሪ ሳለ የእናቱ ኮምፒውተር በማስታወቂያ ተጥለቅልቆ አላስነካ ሲላት የሠራላት ነበር። እናቱ ለጎረቤት አወራች፣ ጎረቤት ለዘመድ፣ ኋላ የማያውቀው አገር ሰው ሁሉ ጫናት። ዘንድሮ አንድ ኩባንያ እንግዛት ሲለው ሸጠላቸው። ደክሞት ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ለወጉ ያህል አዲሷን ጋሻ ከፍቶ አያት። ውስጧ ሌላ ነገር ተጨምሮባታል።

«ሰው የሚከፍተውን ገጽ፣ የሚጽፈውን ሁሉ ትልካለች» አላት። «ግን ስትመረመር ንጹህ ናት።»

«እንዴት?»

«ታንቀላፋለች። ከተጫነች በኋላ ሁለት ሳምንት ምንም አታደርግም። መርማሪ ሁለት ሳምንት አይጠብቅም፣ አይደል? የኮምፒውተሩን ቀን ወደፊት ግፊው። ያኔ ትነቃለች።»

ይህን በነገው ስብሰባ ራሱ መጥቶ እንዲናገር፣ እስከዚያም ዔሊ እንዲደብቀው ነበር የታሰበው። የደሴቶቹ የዓሣ ጥበቃ ቢሮ በኮምፒውተሮቹ ሁሉ ላይ የሚጭነውን አንድ ተቀጥላ ነገ ይመርጣል። ቲቲሊያ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆና ቢሮው ውስጥ የተሰገሰገችው ምርጫውን ከጀርባ የሚጎትተው ማን እንደሆነ ለማወቅ ነው። የላካት የግል የስለላ ድርጅት ነው። ደንበኛው ለባሕሩ የሚቆረቆር በጎ አድራጊ ማኅበር ነው ተብላለች። እሷም አልጠየቀችም፤ በዚህ ሥራ አይጠየቅም።

«ስማኝ» አለችው። «ከዚህ ከወጣን በኋላ ስልክ ስደውልልህ፣ ደህና ከሆንክ እህቴ በለኝ። ደህና ካልሆንክ በስሜ ጥራኝ።»

«እህቴ። እሺ።»

በጓሮ ሲወጡ አንድ ግራጫ መኪና ቆሟል። ዔሊ መሪው ላይ ነው፤ ራሰ በራ፣ አበባ ያለበት ሸሚዝ የለበሰ፣ ሲያዩት ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የሚመስል ሰው። ቪኔሽ በሩን ይዞ ቆመ።

«ሰውዬውን ታምኚዋለሽ?»

«አዎ።»

ገባ። በሩን የዘጋችለት እሷ ናት።

ዔሊ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ምን ነገረሽ ሲል ጠየቃት። ምንም፣ ፈርቶ አፉ ተሳስሮ ነበር አለችው። ለምን እንደዋሸች አላወቀችም። ከልማድ ይሆናል።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ገብታ የሴሚን ላፕቶፕ አዘጋጀች። ሴሚ በዓሣ አጥማጅ መርከቦች ላይ የሚሳፈር ታዛቢ ነው። የተያዘውን ይመዝናል፣ የተደበቀውን ያያል፣ ያየውን ከባሕር ላይ ሆኖ ለቢሮው ይጽፋል። ለወራት ከባዕድ መርከበኞች መሐል ብቻውን ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ታዛቢ ከመርከብ ወድቆ ሞተ ተባለ፤ ሬሳው አልተገኘም። የታዛቢውን ጽሑፍ የመርከቡ ካፒቴን ቀድሞ ቢያነበው ምን እንደሚሆን ቢሮው ውስጥ የማያውቅ የለም። ቃሉን ግን ማንም አያወጣውም።

ሴሚ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጦ ይነዘንዛታል።

«እናንተ የካንዳቩ ሰዎች መቼ ነው ሥራ የምትጨርሱት? ዓሣው እስኪያድግ ነው የምትጠብቁት?»

«ከጠረጴዛዬ ላይ ውረድ፣ እግሩ ይሰበራል።»

«ይሰበር። ዘመዶችሽ ያንን ደሴት ተሸክመው የለ፣ አንድ ጠረጴዛ ያቅትሻል?»

የካንዳቩ ልጅ ናት የሚለው መታወቂያው ብቻ ነው፤ ደሴቱን ረግጣው አታውቅም። ቢሆንም ሲሰድባት ደስ ይላት ነበር። ያን ቀን ግን ደስታውም አልመጣም፤ እጆቿ ብቻ ሠሩ።

ሥራ ሲያበቃ ከዔሊ ጋር በባሕሩ ግንብ ላይ ተገናኙ። ውሃው ሸሽቶ ጭቃው ይታያል። ሰዎች ከሥራ መልስ ይራመዳሉ። ዔሊ የወረቀት ከረጢት ውስጥ ያለ ኦቾሎኒ እየበላ፣ ሸማኔው ደህና ቦታ እንዳለና ነገ ግን ስብሰባው ላይ እንደማይመጣ ነገራት።

«ለምን?»

«ጋሻ ትመረጣለች። አንቺ ፈትሼያታለሁ፣ ንጹህ ናት ትያለሽ።»

ወደ እሱ ዞረች።

«ደንበኛው ተቀይሯል» አለ ዔሊ፣ ስለ አየሩ እንደሚያወራ። «በጎ አድራጊዎቹ ገንዘባቸው አለቀ። የመርከቦቹ ባለቤቶች አላለቀባቸውም። ጋሻን የገዛናት እኛ ነን፣ ሸርጣን። ለእነሱ።»

ከግንቡ ማዶ፣ ከዛፉ ስር አንድ ሰው ቆሟል። ዝናብ የለም። ሰማያዊ ጃንጥላውን አጥፎ ይዞታል።

ያኔ ገባት። ገበያው ውስጥ ያሳደዷቸው ጠላቶች አልነበሩም። በጉን ወደ በረቱ የሚያስገቡ እረኞች ነበሩ። በሩን የዘጋችው ግን እሷ ራሷ ናት።

«ላናግረው» አለች።

ዔሊ ደወለና ስልኩን ሰጣት። ሁለት ጊዜ ጠራ። ከዚያ የቪኔሽ ድምፅ መጣ፣ ደረቅ ብሎ።

«ደህና ነኝ፣ ቲቲሊያ።»

«በልተሃል?»

«በልቻለሁ፣ ቲቲሊያ።»

ስልኩን መለሰች። መጮህ ወይም ማልቀስ ያለባት መሰላት፤ ጠበቀች፤ ምንም አልመጣም። እግሩ ላይ ብዙ ሰዓት እንደተቀመጠ ሰው ሰውነቷ ሁሉ ደንዝዟል።

«ነገ በትክክል ከተናገርሽ» አለ ዔሊ፣ «ሸማኔው ሚስቱ ጋ ይመለሳል። ካልተናገርሽ እኔ የምችለው ነገር የለም። እጄ ላይ አይደለም ያለው።»

ኦቾሎኒውን ዘረጋላት። አንድ ወስዳ በላች።

ስብሰባው ጠዋት ነው። የቢሮው ኃላፊ ወይዘሮ ኬሌራ በጠረጴዛው ራስ ተቀምጠዋል። ከጎናቸው የሒሳብ ሹሙና ታዛቢዎቹን የሚያሰማራው ጡረተኛ ካፒቴን አሉ። ለመጨረሻ የቀሩት ተቀጥላዎች ሦስት ናቸው። «ጥርት» የሚባለው ወዲያው ወደቀ፤ ለከፈለው ሰው ማስታወቂያ መንገድ ይለቃል። «ወንፊት» የበጎ ፈቃደኞች ሥራ ነው። መልኩ አያምርም፣ ውስጡ ግን ለሚያነብ ሁሉ ክፍት ነው። ጋሻ ከሁሉም ትፈጥናለች፣ ከሁሉም ታምራለች፣ የአገር ልጅ ሥራ በመሆኗም ትታወቃለች። የሒሳብ ሹሙ ጋሻን ደገፈ፤ ካፒቴኑም እንደዚያው።

ወይዘሮ ኬሌራ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንድ ነገር ልጠይቅ። ይሄ ነገር ሌላው እንዳያየን የሚከልለን ከሆነ፣ እሱ ራሱ ሁሉን ያየናል ማለት ነው። እሱን ማን ያየዋል?»

ሁሉም ወደ ቲቲሊያ ዞሩ።

ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። የዔሊ መልእክት ነው። አንድ ቃል። «ንጹህ።»

በመስኮቱ በኩል ወደቡ ይታያል። ሴሚ ሻንጣውን ይዞ ግቢው ውስጥ ቆሞ መኪና ይጠብቃል፤ ከዘበኛው ጋር ይቀልዳል። ሌላው፣ ቪኔሽ፣ የት እንዳለ አታውቅም። የምታየው አንዱን ብቻ ነው።

ስልኩን ገለበጠችው።

«ፈትሼያቸዋለሁ» አለች። «በተለመደው ፍተሻ ሦስቱም ንጹህ ናቸው። ከመምረጣችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ላሳያችሁ።»

ጋሻ ያለበትን ላፕቶፕ ከፈተች። ሁለተኛ ላፕቶፕ አጠገቡ አድርጋ ከመጀመሪያው የሚወጣውን ሁሉ በስክሪኑ ላይ እንዲያሳይ አገናኘችው። የታዛቢዎች ገጽ ላይ ገብታ የፈጠራ ሪፖርት ጻፈች፤ የሌለ መርከብ፣ የሌለ ዓሣ። ሁለተኛው ስክሪን ላይ ምንም የለም። የሒሳብ ሹሙ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ።

ቀኑን ወደፊት ገፋች።

ያንኑ ሪፖርት መጻፍ እንደጀመረች ሁለተኛው ስክሪን መንቀሳቀስ ጀመረ። መስመር በመስመር። የመርከቡ ስም። የዓሣው ዓይነት። የታዛቢው ስም። ማንም ወደማያውቀው አድራሻ ይፈሳል።

የሒሳብ ሹሙ ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ።

«እንደገና አሳዪኝ» አሉ ወይዘሮ ኬሌራ።

ቀኑን መለሰች፤ ጸጥ አለ። ገፋችው፤ ፈሰሰ። ካፒቴኑ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ ቆየና የሞተውን ታዛቢ ስም ጠራ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

ወንፊት ተመረጠ። ጋሻ ያለበት ኮምፒውተር ሁሉ እንዲጸዳ ታዘዘ። ሰዎቹ ሲወጡ ወይዘሮ ኬሌራ ክንዷን ያዙ።

«ቀኑን መግፋት ማን አሳየሽ?»

«የማውቀው ሰው።»

«መጥቶ ያናግረኝ ትያለሽ?»

«አይመስለኝም፣ እትዬ። ቪኔሽ ይባላል፤ ይዘውታል። ለፖሊስ እርስዎም ይንገሩ። የእርስዎ ቃል ይሰማል።»

ሴትየዋ ትኩር ብለው አዩዋት። ምናልባት ያን ጊዜ ነው ማን እንደሆነች የጠረጠሩት። ሌላ አልጠየቋትም።

በሳማምቡላ ሰፈር በኩል ከወጣች በኋላ ከአንድ ሱቅ ስልክ ተውሳ ፖሊስ ጋ ደወለች፤ የግራጫውን መኪና ታርጋና የዔሊን መልክ ተናገረች። የሰማት ሰው ቀስ ብላ እንድትደግምለት ለመናት፤ ደገመችለት። ስምሽ ሲላት ዘጋችው። ሲም ካርዷን ሰብራ ቦይ ውስጥ ጣለች። መታወቂያውን በመቀስ ቆረጠች። ወደ ምዕራብ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ሬዲዮው ስለ ራግቢ ያወራ ነበር፤ መንገዱን ሁሉ ሰማችው።

መኪናውን ፖሊስ ከአንድ ሆቴል ጀርባ ባዶውን አገኘው። ዔሊ ከአገር ወጥቶ ነበር። የመርከቦቹ ባለቤቶች የተጻፈ ነገር ስላልተገኘባቸው አንድም ቃል ሳይናገሩ ቀሩ። ሴሚ ጉዞውን ጨርሶ በሰላም ተመለሰ፤ ይህን የሰማችው ወደብ ከሚሠራ ሰው ወሬ ነው፣ እሷም አልጠየቀችም።

ላውቶካ በምትባለው የምዕራብ ከተማ፣ ከስኳር ፋብሪካው ብዙ በማይርቅ ጠባብ ሱቅ፣ ኮምፒውተር የምትጠግን አንዲት ሴት አለች። አሁን ስሟ ሌላ ነው። ፀጉሯን ተቆርጣለች። የሱቁ ባለቤት ዝምተኛ ናት፣ ግን አታረፍድም ይላል።

አንድ ቀን አንዲት ጡረተኛ መምህርት ላፕቶፗን ይዛ መጣች። ገጽ በከፈተች ቁጥር ማስታወቂያ እየተደራረበ ጋዜጣ ማንበብ አቅቷታል። የቱን ልጫን ብትል የልጅ ልጇ አንድ ነገር፣ ጎረቤቷ ሌላ ነገር አሏት፤ ግራ ገባት። ሴቲቱ የተጫነውን አወለቀች፣ ወንፊትን ጫነች፣ እንዲሠራ አይታ ጋዜጣውን ከፈተችላት።

ገጹ ጠርቷል። ማስታወቂያ የለም። ጽሑፉና ፎቶግራፉ ብቻ ቀርተዋል። ፎቶግራፉ የቪኔሽ ነበር። ሚስቱ አሁንም እየፈለገችው እንደሆነ፣ ያየ ሰው ካለ እንዲነግራት እንደምትለምን ተጽፏል።

«ምስኪን» አለች መምህርቷ፣ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ። «እስካሁን አልተገኘም? ታውቂዋለሽ ልጄ፣ ይህን ሰውዬ?»

ሴቲቱ ፎቶውን አየችው።

«አላውቀውም» አለች።

ላፕቶፑን ዘግታ በሁለት እጇ አቀበለቻት፤ ቀጥሎ የቆመውን ሰው ና አለችው።