የአባባ አምሳሉ ቅቤ

«እስቲ እግርሽን ወዲህ በይው» አሉ አባባ አምሳሉ፣ ገና አረፍ ከማለታቸው እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ። ከደብረ ኤልያስ በሚኒባስ ተሳፍረው የመጡት ለዚሁ ነው። በቅጠል የተጠቀለለውን ለጋ ቅቤ ፈትተው አጠገባቸው አስቀምጠዋል።

እስከዳር ቀኝ እግሯን ወንበሩ ሥር ደበቀችው።

አያቷ ወጌሻ ናቸው። አምና መረብ ኳስ ስትጫወት ዘላ ሰው እግር ላይ ስታርፍ ቁርጭምጭሚቷ ተጠመዘዘ፤ ያሹላትም እሳቸው ነበሩ። እብጠቱ ጠፋ። እግሯ ግን የትምህርት ቤቱን ደረጃ ስትወርድ ሳይቀር ይከዳት ጀመር። በመጨረሻ ሆስፒታል ስትሄድ ዶክተሩ ጅማቱ መበጠሱን አይቶ በቀዶ ጥገና ሰፋው። አሁን ጀሶው ተፈትቶላት ፊዚዮቴራፒ ጀምራለች። ሰሞኑንማ በቀኝ እግሯ ብቻ ቆማ ጥርሷን መቦረሽ ስለቻለች ደስታዋን አልቻለችውም።

ዶክተሩ ጅማቱ እስኪጠነክር ማንም እንዳያሸው ደጋግሞ አስጠንቅቋል። ይህን ለአያቷ መንገር የነበረባት እናቷ ዘሪቱ ነበረች። ዘሪቱ ግን ሰው ላለማስቀየም ስትል በአንድ ቀን ሦስት ቤት ምሳ የምትበላ ሴት ናት፤ ከዛሬ ነገ ስትል ሳትነግራቸው ቀረች። አሁንም ወደ ልጇ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ ትንሽ ብቻ ቢነኩሽ ምን አለበት፣ ቅር ይላቸዋል አለቻት።

እስከዳር ጨነቃት። አያቷን ማስከፋት አልፈለገችም። ዳግመኛ ሜዳ ላይ መዝለልን ግን ከምንም በላይ ትፈልጋለች። እግሯን ቀስ ብላ አወጣችው።

«አባባ፣ ይኼኛው አይታሽም» አለች ጠባሳውን እያሳየቻቸው። «ውስጡ ተሰፍቷል። ከተነካካ ስፌቱ ይለቃል።»

አባባ አምሳሉ ጎንበስ ብለው ጠባሳውን አዩት።

«ያኔ እኔ ሳሸው ተበጥሶ ነበር ማለት ነው?»

«አዎ፣ አባባ። ከላይ ግን አይታይም ነበር።»

 አባባ አምሳሉ ቅቤውን መልሰው መጠቅለል ጀመሩ። እስከዳር ግራ እግሯን አንስታ ጭናቸው ላይ አሳረፈችው።

«ይኼኛው ግን ደክሞታል። ክራንች ይዤ ስዘል የከረምኩት በሱ ነው።»

አያቷ እግሩን ጫን ጫን አድርገው ዳሰሱት።

«ይኼማ ደርቋል» አሉና ቅቤውን እንደገና ፈቱት።

ማሸት ከመጀመራቸው በፊት ግን ጋቢያቸውን አውልቀው አጣጠፉና ከተሰፋው እግሯ ሥር አደረጉላት።