አሳንሰር ያልገባበት ጉድጓድ

ፕሮፌሰር ይልቃል የሞቱት አሳንሰር ያልገባበት የአሳንሰር ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጭሮ ላይ ፎቅ የሚሠራ ሁሉ ለአሳንሰሩ ቦታ ይተዋል፤ አሳንሰሩ ግን አይመጣም። የወይዘሮ ሳፊያ ፎቅ ጉድጓድም ከመሬት እስከ አምስተኛ ፎቅ ባዶውን ሲያዛጋ ኖሮ ፕሮፌሰሩ ለምርምራቸው ተከራዩት። አርብ ከሰዓት በኋላ እዚያው ግርጌ ጭንቅላታቸው ተፈንክቶ ተገኙ፤ አጠገባቸው አንድ ጎኑ የተሰረጎደ የብረት ሳጥን ተጋድሟል።

ኢንስፔክተር ሳህሊቱ ስትደርስ ነገሩ ሁሉ አልቆ ጠበቃት።

«ሳጥኑ ወድቆባቸው ነው» አላት አዛዧ። «ጥበቃውም አምኗል። ፈርሚና ዝጊው።»

ጥበቃው ኦቦ አብዱልቃዲር ማመን ብቻ ሳይሆን እሰሩኝ ብለው ይለምናሉ።

«እኔ ነው የገደልኩት፣ ልጄ። ሰው ታች ሲሆን ከሳጥኑ ስር ብረት ማሻገር የኔ ሥራ ነው። ጁምዓ ረፈደብኝ ብዬ ሮጥኩ፤ ብረቱን ረሳሁ። ያ ረቢ! ወዳጄን ገደልኩ።»

«ሳጥኑ ሲወድቅ አይተዋል?»

«መስጊድ ነበርኩ እኮ! ማየት ምን ያደርጋል?»

ሳህሊቱ አልሠራሁም ብሎ የሚገዘት ተጠርጣሪ ስንቱን አይታለች፤ ጥፋቴን አልለቅም ብሎ ሙጭጭ ያለ ግን ገጥሟት አያውቅም። ብትፈርም ሽማግሌው ወህኒ ይወርዳሉ። ከእስሩ ይልቅ የከበዳት ወዳጃቸውን እንደገደሉ አምነው መሞታቸው ነበር።

አምስተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ወጣች። ሳጥኑን ይዞ የሚያንጠለጥለው ማግኔት በቦታው አለ፤ ማብሪያ ማጥፊያው ተዘግቷል። ወርዳ ሳጥኑን ከፈተች። ከክዳኑ ስር አንድ ነጭ ወረቀት ተለጥፏል፤ በተሰረጎደው ጎን በኩል ብቻ ቀይ ቀለም ተረጭቶበታል። ምንም አልገባትም፤ አለመግባቱም አናደዳት።

የፕሮፌሰሩ ረዳት ዋለልኝ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ወጣት መምህር ነው።

«የሚወድቅ ነገር እየወደቀ ሳለ ክብደት የለውም» ብሎ አስረዳት። «ሳጥኑ ውስጥ ቀይ ፈሳሽ ያለበት ብርጭቆ አለ። ከላይ ስንለቀው ፈሳሹ ጠፈር ላይ እንዳለ ይሆንና ግድግዳውን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል።»

«ይሄ ለማን ይጠቅማል?»

«ለመንኮራኩር። ነዳጁ ጋኑ ውስጥ የት እንደሚሄድ ካልታወቀ ሞተሩ አየር ይስባል።»

«ከፕሮፌሰሩ ጋር ተጣልታችሁ ነበር?»

ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ። ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው።

«ሽማግሌው ጣቢያ ታስረዋል፣ ዋለልኝ!»

«አልተጣላንም። አርብ ጠዋት ብርጭቆውን ስናጥብ አንድ ነገር ገባቸው። የጣታችን ቅባት ስለነካው ፈሳሹ በትክክለኛው ፍጥነት አልወጣም። ታትሞ የወጣው ውጤታችን ሁሉ ከንቱ ነው። ‹ጥናቱን እንሰርዛለን፤ ለሚመለከተው ራሴ በአካል እስክነግር ለማንም ትንፍሽ እንዳትል› አሉኝ። ከዚያ ክፍል ገባሁ፤ ስወጣ ሞተዋል። እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈስኩም።»

ተማሪዎቹ አርብ ከረፋዱ ጀምሮ ሲያስተምራቸው እንደዋለ መሰከሩለት።

ወይዘሮ ሳፊያ ደግሞ ከሱቃቸው በር ላይ ሆነው ገና ሳይጠየቁ ጀመሩ። «ነፍስ ይማር፤ ግን ወላሂ አቃጥለውኛል! መብራት በጠፋ ቁጥር፣ እንደ አርብ ምሳ ሰዓቱ፣ ሥራ አይፈታም ብለው የጭነት መኪና ባትሪ ደረጃዬ ላይ ተከሉ፤ አሲዱ ሴራሚኬን በላው። ማግኔታቸው በሱ ነው የሚሠራ። ደግሞ ያቺ ወረቀት!»

«የትኛዋ ወረቀት?»

«ክዳኑ ስር የሚለጥፏት ነዋ! ሳጥኑ በወደቀ ቁጥር ቀይ ቀለበት ይታተምባታል፤ ከዚያ ደረጃዬ ላይ ይጥሏታል። ጠራጊዋም እኔም ሰለቸን።»

የመጨረሻው የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ህሩይ ነበር። በታተመው ጥናት ላይ ስሙ ከሁሉም በላይ ተጽፏል፤ የፕሮፌሰርነት ማዕረጉም በዚያው ጥናት ሊጸድቅለት ነው።

«አርብ ሚኤሶ ነበርኩ» አለ። «ማታ ስመለስ ነው መርዶውን የሰማሁት። ምሳ ሰዓት ላይ መብራት ሲጠፋ ማግኔቱ ለቀቀዋ። ለአዛዥሽም በስልክ ነግሬዋለሁ።»

ሳህሊቱ ወደ አዛዧ ሮጠች። «ማግኔቱ የሚሠራው በባትሪ ነው፤ ባትሪውም ሙሉ ነው!»

«መብራት ሆነ ባትሪ፣ ወደቀ ወደቀ ነው። ነገ ጠዋት ፋይሉን ጠረጴዛዬ ላይ ላግኘው።»

ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ። ፋይሉን ግድግዳ ላይ ልትወረውረው ምንም አልቀራት። በዚያ ብስጭቷ ዋለልኝን ይዛ ጉድጓዱ ጋ ተመለሰች። ክንዳቸው እስኪዝል ድረስ ሳጥኑን ደጋግመው ጣሉት። ወረቀቱ ሁልጊዜ ዙሪያውን በቀይ ቀለበት ታትሞ ወጣ።

በማግስቱ ሁሉንም እጉድጓዱ ግርጌ ሰበሰበቻቸው። ኦቦ አብዱልቃዲርን ፖሊስ ይዞ አመጣቸው። አዛዡ ሰዓቱን እያየ ቆመ።

«ሳጥኑ አልወደቀም» አለች ሳህሊቱ። «ቢወድቅ ኖሮ ፈሳሹ ዙሪያውን ወጥቶ ወረቀቱ ላይ ቀለበት ይሠራ ነበር። ይሄው የአርቡ ወረቀት፤ በአንድ ጎን ብቻ ተረጭቷል። አንድ ሰው ሳጥኑን አንስቶ ፕሮፌሰሩን መቷቸዋል።»

«ላይ ሰቅዬው ነበር!» አሉ ኦቦ አብዱልቃዲር።

«ሰቅለውት ነበር፣ ኦቦ። በራሱ ቢወድቅ ግን ማብሪያው እንደበራ ይገኝ ነበር፤ እኔ ያገኘሁት ተዘግቶ ነው። ፕሮፌሰሩ ብርጭቆውን ለሰው ሊያሳዩ ማግኔቱን አጥፍተው ሳጥኑን ራሳቸው ይዘው ወርደዋል።»

«ለማን?» አለ አዛዡ። ሰዓቱን ማየት ትቷል።

«ወረቀቷ እንደምታጋልጠው ለማያውቅ ሰው። ወይዘሮ ሳፊያ ያውቋታል፤ ዋለልኝና ኦቦ አብዱልቃዲርም በየቀኑ ያዩዋታል። ባትሪውንም ሦስቱም ያውቃሉ። መብራት ሲጠፋ ለቀቀው ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሚኤሶ ዋልኩ የሚል ሰው የጭሮ መብራት ምሳ ሰዓት ላይ መጥፋቱን እንዴት አወቀ? ዶክተር፣ ስምዎ ጥናቱ ላይ ከሁሉም በላይ ነው፤ ይህ ሳጥን ሲወድቅ ግን አንድ ቀን እንኳ ቆመው አላዩም።»

«ግምት ነው!» ህሩይ ጮኸ። «እኔ ምን በወጣኝ እገድለዋለሁ?»

«ጥናቱን ሊሰርዙት ስለነበር።»

«ለጣት ቅባት ብሎ? ለአንዲት የጣት ቅባት ዓመታት የለፋንበትን ሊያፈርስ…»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ዋለልኝ ክው ብሎ አየው።

«ስለ ቅባቱ ማን ነገረዎት?» አለች ሳህሊቱ ቀስ ብላ። «የታወቀው አርብ ጠዋት ነው። ዋለልኝ ከእኔ በቀር ለማንም አልተነፈሰም። ከእሱ ሌላ የሚያውቁት ሟቹ ብቻ ነበሩ።»

ህሩይ ግድግዳውን ተደገፈ። «ለመንኩት» አለ፣ ንዴት በተናነቀው ድምፅ። «ማዕረጌ እስኪጸድቅ ቆይ አልኩት። ‹ውሸት መሆኑን እያወቅኩ አንዲት ቀን አላድርም› አለኝ። እንዲህ ያለ ግትር ሰው! ጀርባውን ሰጥቶኝ ሌላ ብርጭቆ ማጠቡን ቀጠለ።»

ፖሊሱ ካቴናውን ከሽማግሌው እጅ ፈትቶ በህሩይ እጅ አጠለቀው።

«ብረቱን ባሻግርም ይሞት ነበር?» ሲሉ ጠየቁ ኦቦ አብዱልቃዲር።

«ይሞቱ ነበር። እርስዎ ምንም ጥፋት የለብዎትም።»

እፎይ ይላሉ ብሎ ሁሉም ጠበቀ። ሽማግሌው ግን ደረጃው ላይ ተቀመጡና ሽርጣቸውን ፊታቸው ላይ ይዘው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ።

«ነፃ ወጡ እኮ!» አለ አዛዡ ግራ ገብቶት። «አሁን ምን ያስለቅስዎታል?»

«እስከ ዛሬ ለራሴ ነው ያለቀስኩት» አሉ። «ለይልቃል ገና አላለቀስኩም።»