በበረዶው ወንዝ ላይ ከኋላ የመጣው

ጠጋ በሉ እንጂ። መብራቱ እንደሆነ ሄዷል፤ ሻማዋም ልታልቅ ነው። ከኋላችሁ ማን እንዳለ አትዩ፤ እሱ ጋ ኋላ እንደርሳለን።

ድሮ ነው። ፊንላንድ የሚባል አገር፣ ሰሜኑ ጫፍ ላይ፣ ወንዝ ዳር የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ከተማ ነበረች። ሰዓቱ? ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ምን ያስቃችኋል? እዚያ በብርዱ ወራት ፀሐይ ራሷ ዕረፍት ትወጣለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድቅድቅ ጨለማ ነው።

የከተማዋ ሰው ደግሞ አያወራም። ኮርቶ አይደለም፤ ወሬ መጀመር ነውር ሆኖበት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወታደር መጥቶ አንድ ቤት ሳያስቀር አቃጠላት። የጭስ መውጫ ብቻ ቆሞ ቀረ። ሰዉ ከስደት ተመልሶ አመዱን ከቦ ቆመ። ግማሽ ቀን ሙሉ ዝም! በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ምን አሉ? «ሞቅ ብሎ ነበር ማለት ነው።» በቃ። ከዚያ በየጭስ መውጫው ዙሪያ ቤታቸውን መልሰው ሠሩ።

ታውኖ የሚባለው እንጨት ቆራጭ እንግዲህ የዚህች ከተማ ልጅ ነው። ከወንዙ ማዶ የምትኖረውን ልብስ ሰፊ፣ ሂልያን፣ ሰባት ዓመት ወዷታል። ጣራዋን ጠግኗል፤ ማገዶዋን ፈልጧል። ነግሯታል? እናንተ ደግሞ! እሁድ ዕለት እሷው፣ «ሐሙስ በአስር ሰዓቱ ባቡር ወደ ደቡብ እሄዳለሁ፤ አልመለስም» አለችው። እሱስ?

«እህም» አላት።

ይኸው ሐሙስ ሆነ። ባቡሩ ሊመጣ አንድ ሰዓት ቀረው። ጣቢያው ከወንዙ ማዶ ነው። ድልድዩ ሩቅ ነው፤ ወንዙ ግን ረግቶ ድንጋይ ሆኗል። ታውኖ ብቻውን በረዶው ላይ ገባ፤ አፉ ውስጥ አንዲት ቃል እያመላለሰ። «አትሂጂ... አትሂጂ...»

ቅርሽም፣ ቅርሽም። የራሱ እርምጃ ነው። ቅርሽም፣ ቅርሽም። ይሄኛውስ የማን ነው?

ከኋላው ሰው አለ። ዞረ? አልዞረም። ከዞረ ሰላም ማለት ሊኖርበት ነዋ! ፈጠነ፤ ያም ፈጠነ። ቆመ፤ ያም ቆመ። የረጠበ ሱፍ ሸተተው። ቀጥሎ ሰውየው መጥቶ ጎኑ ተሰለፈ። ታውኖ በዓይኑ ጥግ ሰረቅ አድርጎ አየው። ካፖርቱ ውሃ ያንጠባጥባል። ምራቅ መሬት ሳይደርስ በረዶ በሚሆንበት ብርድ፣ ውሃ ያንጠባጥባል! የታውኖ ትንፋሽ እንደ ምድጃ ይጨሳል። ከዚያኛው አፍ ግን... ምንም።

እናንተ ብትሆኑ ትጮኹ ነበር። ታውኖ ምን አለ መሰላችሁ? በልቡ፣ «አልተዋወቅንም» አለና መንገዱን ቀጠለ።

የጣቢያው መብራት ታየ። ባቡሩ ከሩቅ ጮኸ። ታውኖ ሊሮጥ እግሩን ሲያነሳ አንድ እጅ ክንዱን ጨመደደው። በረዶው ራሱ ከዚያ እጅ ይሞቃል። «ለዚህ መናገር ካቃተኝ፣ ለእሷ እንዴት ልናገር ነው?» ብሎ አሰበ። አፉን በግድ ከፈተ።

«ሰውዬ፣ ምን ፈለግህ?»

የሰውየው ትከሻ ሸክም እንደጣለ ሰው ወረደ።

«እግዜር ይስጥህ። ካልጠየቁኝ አልናገርም፤ ነውር ነው። ሠላሳ ዓመት ስንቱን እስከዚህ ሸኘሁ፤ አንድም የጠየቀኝ የለም። ከፊትህ ያለው በረዶ ስስ ነው።»

ታውኖ ጎንበስ አለ። ከጫማው ጫፍ አንድ ስንዝር አልፎ ስንጥቅ አለ፤ ከሥሩ ጥቁር ውሃ ይላወሳል።

«አንተም... እዚህ ነው?»

«እዚሁ ነው የሰጠምኩት። ከኋላዬ ይመጣ የነበረው ሰው ስንጥቁን አይቶታል። ግን አልተዋወቅንም።»

ታውኖ ቀና ሲል ማንም የለም። በበረዶው ላይ ያለው የአንድ ሰው ዱካ ብቻ ነው።

ስንጥቁን ዞሮ በረረ። ጣቢያው ሲደርስ ሂልያ አንድ እግሯን ባቡሩ ላይ አድርጋለች።

«አትሂጂ!»

ጣቢያው በሙሉ ዞረ። ከተማዋ ከተቃጠለች ወዲህ እንዲህ ያለ ጩኸት ተሰምቶ አያውቅም። ሂልያ ወረደች። ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠች፤ ላዩ ላይ ተቀመጠችበት፤ ቀና ብላ አየችው።

«እህም» አለችው።

እናንተም አሁን ወደየቤታችሁ ስትገቡ ብቻችሁን አትሂዱ። ከሄዳችሁም ከኋላ ኮቴ ስትሰሙ «ምን ፈለግህ?» በሉ። ካልመለሰላችሁ ሌባ ነው፤ ሩጡ። ከመለሰላችሁ ግን ያነሳችሁትን እግር እንዳታሳርፉ!