ኦድቫር ሳያይ የሚጫነው ቁልፍ

አስላክ በመርከቧ ካፌ ፍላሹን ከዋፍሉ ሰሃን ሥር ገፋላት።

«የመርከቡ መሪ ኮምፒውተር ላይ ሰኪው፣ መቅዘፊያ። ምስጢር የሚሸጠውን ይነግረናል።»

«ዛሬ?»

«አሁን።»

መቅዘፊያ የምስጢር ስሟ ነው፤ እውነተኛ ስሟ ሲሴል ነው። አስላክ አለቃዋ ነው፤ ስንት ዓመት ታዝዛዋለች። በዚህች መኪና አሻጋሪ መርከብ ላይ ግን ሰላይ ናት የሚል የለም። አዲሱ በኮምፒውተር የሚሠራ የመርከብ መንጃ ለመርከበኛው ይመች እንደሆነ ልትመረምር የመጣች ሴት ናት። ከካፒቴን ኦድቫር ጀርባ ቆማ እጁን ታያለች። በቃ ሥራዋ ይኸው ነው።

መንጃው ደግሞ አይመችም። ደወሉ በረባ ባልረባው ይጮኻል። በር ተከፈተ ብሎ ይጮኻል፣ ዝናብ መጣ ብሎ ይጮኻል። ኦድቫር ሳያይ ቁልፉን በአውራ ጣቱ ተጭኖ ያፍነዋል።

«ዛሬም እጄን ልትጠብቂ መጣሽ?» አላት መሪው ያለበት ክፍል ስትገባ።

«ካልሰረቅክ ምን አስፈራህ?»

«ይልቅ ይቺን ጯሂ አማት ውሰጂልኝ።»

ሳቀች። ሽቦ የምታይ መስላ ጎንበስ አለችና ፍላሹን ሰካችው።

አስላክ ተከትሏት ገባ። ጡረታ የወጣሁ መርከበኛ ነኝ ብሎ ኦድቫርን ጨበጠው። መርከቧ በገደሎቹ መሃል ጭጋግ ውስጥ ገባች።

ደወሉ ጮኸ።

የኦድቫር አውራ ጣት። ዝም።

ደግሞ ጮኸ። አውራ ጣት። ዝም።

አስላክ ግን አንገቱን አስግጎ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ማስጠንቀቂያ አነበበው።

ሲሴል ክው አለች። መርከበኛ የዚያን ደወል ጽሑፍ አያነብም። የሚያነበው ሲጠብቀው የነበረ ብቻ ነው።

«ምንድነው ያሰካኸኝ?» አለችው በሹክሹክታ።

«ሙከራ ነው። ይህ መንጃ ጦር መርከብ ላይም አለ። ገዢዎቼ መጀመሪያ መርከብ እንደሚያስት አሳየን አሉ። ዝም በይ፤ የሰካሽው አንቺ ነሽ።»

ከታች፣ መኪኖቹ ውስጥ፣ ሕፃናት ተኝተዋል።

«ኦድቫር፣ በእጅህ ንዳ።»

«መሪው እምቢ አለኝ። የእጁ መንጃ የት ነው የገባው?»

ሰሪዎቹ ስክሪን በስክሪን ሥር ነው የሸሸጉት። ሰው ሲቸግረው አያገኘውም ብላ ስትጨቀጭቅ የከረመችው እሷ ናት። አስላክ ክንዷን ያዛት። ነከሰችው። ጣቷ ስክሪኑ ላይ ሮጠ። ነካች፣ ገለጠች፣ ደግሞ ነካች።

«አሁን ያዘው።»

ኦድቫር ጠመዘዘ።

ድንጋዩ ከጭጋጉ ወጣ።

መርከቧ ጎኗን እየተፋቀች አለፈች። ብረቱ ተቀደደ። ሰው አልሞተም።

አስላክን የስለላ መሥሪያ ቤቱ ሰዎች ከወደቡ በጸጥታ ወሰዱት። ለሲሴል ትዕዛዝ መጣ። ጥፋቱ የካፒቴኑ ነው ብለሽ ፈርሚ፤ ገዢዎቹ እንደተነቃባቸው እንዳያውቁ።

«ሰውየው እኮ ነው ያተረፈን» አለች።

«እናውቃለን። ፈርሚ።»

ፈረመች።

በረዶው ሲቀልጥ በሌላ ስም፣ በሌላ መኪና፣ ወደዚያው መሻገሪያ መጣች። ኦድቫር ቢጫ ልብስ ለብሶ መኪና ያሰልፋል። መሪው ያለበት ክፍል ከእንግዲህ አያስገቡትም። የመኪናዋን መስታወት ዝቅ አደረገች። አንድ ቃል ልትለው ነበር።

«ቀረብ በይ እናትዬ፣ ቀረብ በይ» አላት።

ዓይኑ ከኋላ ባለው ጭነት መኪና ላይ ነበር። ሳያያት እጁን አወዛወዘላት።

አለፈች።